ሰማያዊዋን ጠዋት ጠዋት የሚነካት ሰው

ሰኞ

ዛሬም ነክተዋታል።

ከሥራ በቀጥታ ነው የሄድኩት። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያኝክ፣ አለቃዬም እኔ ያዘዝኩት ይመስል ሲነጫነጭብኝ ስለዋለ፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት ብቻ እያሰብኩ ነበር። የጌም ቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ የመኪና ውድድሩ ጨዋታ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ ካርድ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ የደወል ሰዓታቸውን ለግማሽ ሰዓት ሞሉ። ሰማያዊዋን መኪና ከጋራዥ አወጣኋት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ኋላዋ ዞረና አጥር ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛውም ዙር አጥር። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሳቁብኝ።

ሴቲንጉን ከፍቼ ባየው ባለፈው ሳምንት ለፍቼ ያለሰለስኩት የኋላ ሞላ እስከ መጨረሻው ጠንክሯል። የኋላ ፍሬኑ ጨምሯል። ማርሾቹ አጥረዋል። አንድም የቀረላት ነገር የለም!

ለሰው ብናገር ይስቅብኛል። ካዛንችስ ውስጥ ያለው ይሄ ጌም ቤት ያለው ካርድ አንድ ብቻ ነው። አንድ ካርድ፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ደህና መኪና። ጠዋት የመጣውም ማታ የመጣውም የሚነዳው እሷኑ ነው። ይንዷት፣ አልከለከልኩም። ሞላና ማርሽ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው ግን ከእኔ በቀር አልነበረም። ድሮ ጓደኛዬ ብሩክም ነበር። እሱ ግን ከግንቦት ወዲህ እዚያ ሰፈር አልታየም።

ግድግዳው ላይ የላንቻ ሰፈር ልጆች በጠመኔ የጻፉት ሰዓት አለ፦ አንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ። መጥተው በእኛው መኪና ነድተው፣ ጽፈው ሄዱ። የእኔ ምርጥ ከዚያ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይዘገያል። ያንን ጠመኔ በእጄ ካላጠፋሁት እንቅልፍ የለኝም። በዚህ ክረምት ሌላ የማሸንፈው ነገር ስለሌለኝ ይሆናል።

ማክሰኞ

ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። ሞላ፣ ፍሬን፣ ከፍታ፣ ማርሽ። ግማሹ ሰዓቴ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ አለቀ። አንዱ ከኋላ "አንተ ሹፌር ነህ ወይስ ጋራዥ ነው የከፈትከው? ንዳ እንጂ በቃ!" አለኝ። እውነቱን ነው። ማርሹን ሳስረዝመው ቀጥታው ላይ ትበራለች፣ ከኩርባ ስትወጣ ግን ትተኛለች። ሳሳጥረው ከኩርባ ትወረወርና ቀጥታው ሳያልቅ ትጮሃለች። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ደወሉ ሲጮህ የነዳሁት ሦስት ዙር ብቻ ነበር። ሦስቱም የማይረቡ ናቸው።

እትዬ ጥሩወርቅን ጠዋት የሚመጣው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከዳንቴላቸው ቀና ሳይሉ "ከፍሎ ይጫወታል፣ አመስግኖ ይሄዳል። መታወቂያ አልጠይቅ" አሉኝ።

ቤት ስገባ እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። እሁድ የአባዬ ሰማንያ ነው።

"ለብሩክ ነግረኸዋል?" አለችኝ።

"አይመጣም።"

"ላርባውም አልመጣ። ምን በድለነው ነው?"

ብሩክ አስር ዓመት ሙሉ ከእኛ ቤት ሳይበላ የዋለበት ቀን ትንሽ ነው። አባዬ "ትልቁ ልጄ" ይለው ነበር፤ በእኔ ፊት፣ እኔን ለማብሸቅ። አባዬ ሲሞት ለቀብሩ አልመጣም፣ ለሰልስቱ አልመጣም። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ በር በሩን ሳይ ነበር የሰነበትኩት። የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው አቀፉኝ፤ እሱ ቀረ። ሰንጋ ተራ አክስቱ ቤት እንደገባና ዳቦ ቤት ሌሊት እንደሚሠራ ከሰው ሰማሁ። ሰንጋ ተራ ባሕር ማዶ አይደለም። ተቀይሜዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ

ብሩክ ነው!

ዛሬም ሁሉም ተቀይሮ ነበር። ልሳደብ አፌን ስከፍት ማርሾቹን አየኋቸው። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ አጥረዋል፤ አንደኛው ግን ረጅም እንደሆነ ተትቷል። እንደዚህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። "አንደኛዋን ተዋት፣ ትተንፍስበት" ይል ነበር። ኋላዋን የሚያጠነክረውም ለዚያ ነው፤ እሱ ኩርባ የሚገባው ቂጧን እያስወዛወዘ ነው። እኔ ደግሞ ያ ነገር ያስጠላኛል፤ መኪና ቀጥ ብላ ስትሄድ ነው የምወደው። ሰማያዊዋን አሸንፈን ያገኘናት አብረን ነው፣ አምና ክረምት፣ አንድ ጆይስቲክ እየተቀባበልን።

"ብሩክ ነው አይደል?" አልኳቸው እትዬ ጥሩወርቅን።

"አንተ አወቅከው፣ እኔ አልነገርኩህም።"

ደሜ ፈላ። ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር አድሮ፣ ጠዋት ከሰንጋ ተራ በታክሲ ካዛንችስ ድረስ ይመጣል። ከጌም ቤቱ እኛ ቤት የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ለመኪና እግር አለው፣ ለአባዬ ግን የለውም! እኔ ሥራ የምገባበትን ሰዓት ስለሚያውቅ ያንን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ያደረግኩት ልጅነት ነው። የፊት ሞላዋን ድንጋይ አደረግኩት፣ የኋላውን እንደ ፍራሽ አለሰለስኩት፣ ፍሬኑን ወደ ዜሮ አወረድኩት። ማርሹን በሙሉ አምታታሁት። ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። ይንዳት እስቲ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ አፈርኩ። አንዲት ሴትዮ ለአንድ መታወቂያ ሁለት ኮፒ ብትጠይቀኝ ሃያ አነሳሁላት።

ማታ ሴቲንጉን ስከፍት የጠበቅኩት ስድብ ነበር፤ ማለቴ፣ ከእኔ የባሰ ነገር። መኪናዋ ተጠግናለች። የኋላ ሞላው ለስላሳ ነው፣ ልክ እኔ እንደምወደው። ፍሬኑም የእኔ ነው፣ በቁጥር። እሱ በዚህ አነዳድ እንደማይነዳ አውቃለሁ፣ "የሽማግሌ መኪና" ብሎ ይስቅበት ነበር። የራሱን የተወው ማርሾቹን ብቻ ነው።

ነዳኋት። ኩርባውን ቀጥ ብላ ገባች፣ ስትወጣ ተወረወረች። አንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ ከምናምን። ከዚህ በፊት እዚህ ደርሼ አላውቅም። ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። አላስደሰተኝም።

ይቅርታ መጠየቁ ነው? ይቅርታ በሞላ ይጠየቃል? እማዬ ምን ልበላት፣ "ብሩክ የኋላ ሞላዬን አለስልሶልኛል" ልበላት?

ግን ማርሾቹን አልነካኋቸውም። ልቀይራቸው እዚያው ገጽ ላይ ቆሜ ነበር፤ ተውኳቸው። ፊቷን ብቻ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሴቭ አደረግኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ኖሯል።

"እናንተ ልጆች" አሉ፣ "አፍ አልፈጠረባችሁም?"

ዓርብ

ይሄንን በሻማ ነው የምጽፈው። ቤት ስገባ መብራቱ እንደገና ሄዷል።

ጠዋት ነክቷታል፣ ግን ትንሽ ብቻ። ፊቷን እንዳወረድኩት ትቶት የኋላ ክንፏን ጥቂት ቀንሶላታል። ገብቶኛል፤ ቀጥታው ላይ እንድትፈጥን ነው። በሁለተኛው ዙር ልጆቹ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ድልድዩ ሥር ያለውን ኩርባ ፍሬን ሳልነካ አለፍኩት፤ በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፣ ከዘጠኝ። ከላንቻዎቹ በታች! ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እትዬ ጥሩወርቅ እንኳ ዳንቴላቸውን ጣሉት።

ሴቭ አልኩት። "እባክዎ ካርዱን አይንቀሉ" የሚለው ጽሑፍ መጣ፤ እንግሊዝኛው ነው፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው። እዚያው ላይ መብራት ሄደ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሻይ አዘውልኝ ተቀመጥን። መብራቱ ሲመለስ ካርዱ ባዶ ነበር። ሰማያዊዋ የለችም። ጋራዡም የለም፣ ገንዘቡም የለም፣ አምና ክረምት የለፋነው ሁሉ የለም። አውጥተን በሸሚዝ ጠረግነው፣ እፍ አልንበት፣ መልሰን ሰካነው። ባዶ። አንዱ ልጅ "ካርድ ላይ ካልታየ አይቆጠርም" አለ። ልመታው ነበር።

የሚያናድደኝ ግን ሰዓቱ አይደለም። ነገ ጠዋት ብሩክ መጥቶ ባዶ ካርድ ያገኛል። ረቡዕ ያደረግኩትን አይቷል። ሆን ብዬ ያጠፋሁት ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ካዛንችስ የሚያመጣው ነገር አይኖርም።

"መብራት ነው ያጠፋው በሉልኝ" አልኳቸው።

"ራስህ ሄደህ ንገረው።"

"ሐዘንተኛው እኔ ነኝ እትዬ! ለቅሶ ድረሱኝ እያለ ሰው ቤት የሚዞር ሐዘንተኛ አይተው ያውቃሉ?"

ካርዱን ነቅለው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። እሳቸውም ሰው ቀብረዋል።

ቅዳሜ

አለቃዬን ሆዴን አመመኝ ብዬ ጠዋት ወጣሁ። ዝናብ። ጫማዬ ውሃ እስኪያስገባ ሮጬ ጌም ቤቱ ስደርስ እትዬ ጥሩወርቅ ወለል ያጸዳሉ።

"አሁን ወጣ" አሉኝ።

"አዩት? ካርዱን አየው?"

"አየው። እንደ ጅል አፍጥጦ ቆየና ማሽኑን አጠፋው።"

"መብራት ነው አላሉትም?"

"ብዬዋለሁ። ነገ ሰማንያ መሆኑንም ነግሬዋለሁ። ከፍሎኝ ወጣ።"

እስከ ታክሲ ተራው ሮጥኩ። የለም። ለምን እንደሮጥኩ፣ ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። እርጥብ ሆኜ ሥራ ተመለስኩ፤ አለቃዬ የእውነት የታመምኩ መስሎት አዘነልኝ። ከሰዓት ከእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ስናመጣ ዋልን። እማዬ ዛሬ ስለ ብሩክ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ

ቄሱ ጸለዩ፣ ሰው መጣ፣ በላ፣ ሄደ። እኔ እንደ ሰልስቱ ጊዜ በር በር እያየሁ ዋልኩ። ተናድጄ ነበር፤ በእሱም፣ በር በማየቴም።

ሰው ካለቀ በኋላ፣ አግዳሚዎቹን ለእድሩ ልንመልስ ስንደረድር፣ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላ አዘቅዝቀው ገቡ። እሁድ ጌም ቤት ግጥም የሚልበት ቀን ነው፤ ዘግተው ነው የመጡት። ከኋላቸው ብሩክ። ከሳ ብሏል። ዱቄት ጫማው ላይ አለ።

እማዬ ስታየው ቆመች። "መጣህ? ብሩኬ፣ ማንን ልትጠይቅ መጣህ? ጋሼህ እኮ የለም!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን አለቀሰች። እሱ እግሯ ላይ ወደቀ። አነሳችው፣ አቀፈችው፣ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ አግዳሚ ይዤ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ።

ሲረጋጉ ነገራት። አባዬ ሲሞት ለሥራ ናዝሬት ነበር። ሲመለስ ሰልስቱ አልፏል። "ነገ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ስል አርባው ደረሰ፣ እትዬ አልማዝ። ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቴ ልምጣ? በዚህ በኩል ሳልፍ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው።"

እማዬ "በል ብላ" አለችው። በእሷ በኩል በቃ አለቀ። በእኔ በኩል አላለቀም። ሰበቡ ገብቶኛል፣ ድንኳኑ ውስጥ የጠበቅኩት ግን ከውስጤ አልወጣም። ነገርኩትም። "ጠብቄህ ነበር" አልኩት። "አውቃለሁ" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ቢጨምር ኖሮ የምጣላው ይመስለኛል።

በልቶ ሲጨርስ የአግዳሚውን ሌላ ጫፍ ያዘልኝ፤ ይዘን ወደ እድሩ ቤት ወጣን። ጭቃው ላይ እየተንሸራተትን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ።

"ካርዱን አላጠፋሁትም" አልኩት።

"መብራት ነው፣ ነግረውኛል።"

"ረቡዕ ግን እኔ ነኝ።"

"ረቡዕማ ማን ሊሆን ኖሯል?" ሳቅ አለ፣ ከዚያ ተወው። ጥቂት ሄደን፣ ሳይዞር፣ "ዓርብ ጠዋት ስከፍታት ማርሾቼን አልነካሃቸውም ነበር" አለ። "ያኔ ነው መምጣት እችላለሁ ያልኩት።"

አግዳሚው ከበደኝ፣ አውርደን አረፍን፣ ደግመን አነሳን።

እትዬ ጥሩወርቅ ሲሄዱ ነገ ማታ ሁለታችንም እንድንመጣ፣ ግማሽ ሰዓቱ ግን ያው ግማሽ ሰዓት እንደሆነ ነግረውናል። ባዶ ካርድ ሲጀመር የምትሰጠው መኪና ቀርፋፋዋ ነጭ ናት፤ ሞላዋ እንኳ አይቀየርም። የቀረውን ክረምት ሙሉ እሷን እየነዳን ገንዘብ ማጠራቀም ነው። የላንቻዎቹ ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ። ለጊዜው እዚያው ይቆይ።