ኢንባል ያላቀደችው ምሳ

ወንድሜ ሰይፈ ሥላሴ፣

እግዜር ይመስገን፣ ኢየሩሳሌምን አየሁ። የዳባት ጎረቤታችን የቤተ እስራኤሉ የሽበሺ የልጅ ልጅ ኢንባል የምናየውንም የምንበላውንም ቀድማ አቅዳ ነበር የጠበቀችኝ። እኔ ጎልጎታን ተሳልሜ፣ ከእሷና ከሽበሺ ጋር ገበያውን ዞረን፣ ጥብስ ከሚሸጥበት ቤት አስገባችን። "የናንተን ሥጋማ አልበላም!" አልኩ። ልጅቱ አኮረፈች። ሽበሺ ግን "እኔስ ዳባት ሳለን ያንተን መች ቀመስኩ?" ብሎ ሳቀና ቤቱ ወስዶ ሽሮ ሠራልን። አገር ቤት በሠርጋችን ሁሉ ገበታችን ለየብቻ እንደነበር ታውቃለህ። እዚህ ያለው ትሪ አንድ ነው፤ ኢንባልም ኩርፊያዋን ትታ ሦስታችን ከበን በላን። ባለቤቴ የሺወርቅ ከሞተችብኝ ወዲህ እንዲህ ጠግቤ አላውቅም።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። ለንስሐ አባቴ ሥጋውን እንዳልነካሁ ንገርልኝ። የትሪውን ነገር እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ።

ቢያድግልኝ