ሸረፈዲንና አዘዘ እኩል ወጥተዋል ብለው ለወሰኑት ጓድ ሊቀመንበር

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አስናቀ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? የሐይቁን ወባ፣ የነሐሴን ጉንፋንና የስብሰባውን ብዛት ችለው በመንበርዎ እንደጸኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ነዋሪዎችዎ እንቅልፍ ከማጣታችን በቀር ደኅና ነን። ይህን ጽሑፍ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት ባለፈው ስብሰባ «ሰፊው ሕዝብ ሐሳቡን ያለ ፍርሃት ያቅርብ» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ቃልዎን አምኖ የተገኘው አንድ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

የመጣሁበት ጉዳይ አጭር ነው። በዶቅዶቄ ውድድር የከተማችን የቀድሞ ሻምፒዮን የነበሩት፣ ዛሬ ዓይናቸውም ጉልበታቸውም የደከመው ጋሽ ሸረፈዲን ከቅዳሜ ጀምሮ በእርስዎ ቁልፍ ሥር ይገኛሉ፤ እንዲፈቷቸው እለምናለሁ። ለምን እንደታሰሩ ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ስል ግን ውለታዎችዎን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ክርክራችንን ስለዳኙልን አመሰግናለሁ። ከአብዮቱ በፊት፣ በአንድ የጥር ቀን፣ ከከተማው እስከ ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር የጋሽ ሸረፈዲን ተፎካካሪ ጋሽ አዘዘ ሲመሩ ቆይተው ከተማው መግቢያ ላይ ታቦት መንገዱን ሲያቋርጥ አገኙ። ወረዱ፤ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። ከኋላ የደረሱት ጋሽ ሸረፈዲንም ወርደው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ሞተራቸውን ግን አላጠፉም። ታቦቱ ሲያልፍ ጋሽ አዘዘ ማስነሻውን እየረገጡ ላብ ሲያጠምቃቸው ጋሽ ሸረፈዲን ዋንጫውን ታቅፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁለት ነው። አሣ ሻጯ ወለላ «ታቦት ፊት ሞተር እያንደቀደቁ የወሰዱት ዋንጫ፣ ዋንጫ አይባልም፤ ጣሳ ነው!» ትላለች። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ደግሞ «አንቺ ሴት፣ ታቦት የሚሸኘው በከበሮ አይደለም ወይ? የሸረፈዲን ሞተር ከበሮ ቢሆን ምን ቸገረሽ?» ይሏታል። ጨርቅ ነጋዴው ዓብደላ የሸረፈዲን የአክስት ልጅ ሆኖ ሳለ «ዝምድና ሌላ፣ እውነት ሌላ፤ አክብሮ ያጠፋ እሱ አሸነፈ» እያለ ስለሚሟገት ዘመዶቹ በዒድ ቀን እንኳ ፊት ይነሡታል። እንደሚያዩት ክርክሩ ሰውን በሃይማኖት እንኳ በወጉ ሊከፍለው አልቻለም።

እርስዎ ግን በውይይት ክበቡ ሰብስበውን፣ አሸናፊና ተሸናፊ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት መሆኑን አስረድተው፣ ሁለቱ ሰዎች እኩል እንደወጡ በጭብጨባ አስወሰኑ። ታቦቱንም «በመንገድ ላይ የተከሰተ ተጨባጭ ሁኔታ» ብለው ጠሩት። ታቦት በዚህ ስም ሲጠራ ሰምተው መሪጌታ ብቻ ሳቁ፤ የቀረነውን በአንድ ጊዜ ሳል ያዘን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሂስና ግለ ሂሱ። ጋሽ ሸረፈዲን ሞተራቸውን ባለማጥፋታቸው ራሳቸውን እንዲተቹ ሲታዘዙ ተነሥተው «ልጄ፣ ብተች ደስ ባለኝ፤ ግን ያ ሞተር አንዴ ከጠፋ ያለ ቁልቁለት አይነሣም ነበር» አሉ። ጋሽ አዘዘ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አንተ ሰው! ይኼን ሁሉ ዘመን ስትኖር ይኼን አልነገርኸኝም!» ቢሉ «መች ጠየቅኸኝ?» የሚል መልስ አገኙ። ታሪክ ሲገለጥ ማየት እንዲህ ያስደስታል፤ እርስዎ ግን ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው አስቀመጧቸው።

ሦስተኛው ውለታዎ ከሁሉ ይበልጣል። እኩልነቱ በወሬ እንዳይቀር፣ ለአብዮት በዓል ሁለቱ ሽማግሌዎች በክብር ትሪቡኑ ፊት የፊት ጎማቸው ሳይበላለጥ ጎን ለጎን ነድተው እንዲያልፉ አዘዙ። ጣና እንዳይረጥብ ማዘዝ ከዚህ ይቀልል ነበር። ቅዳሜ በሰባታሚት መንገድ ለልምምድ ሲወጡ ፊሽካውን የያዙት እርስዎ ራስዎ ስለነበሩ የሆነውን አልነግርዎትም፤ ላልነበረ ሰው ግን እንዲህ ነው። የአንዱ ጎማ ጣት ታህል ቀደመ፤ ሌላው መለሰ፤ ያኛው ጨመረ፤ ፊሽካዎ ሲነፋ እነሱ ከዓይን ርቀዋል። ኩርባው ላይ ጋሽ አዘዘ ቦይ ገብተው ክንዳቸው ተሰበረ። በሕይወታቸው ውድድር አቋርጠው የማያውቁት ጋሽ ሸረፈዲን ግን ዞረው መጡ፤ ክንዱን በአንገት ፎጣቸው አስረው፣ ሰውየውን ከኋላቸው አፈናጠው ሆስፒታል አደረሱ። ከሆስፒታሉ ሲወጡ «ከተወሰነው አቅጣጫ በተቃራኒ በመንዳት አሻጥር» ተብለው ተያዙ። የተሰበረ ሰው ለማንሣትም የኮሚቴ ውሳኔ እንደሚያስፈልግ ስላስተማሩን ባለውለታዎ ነን።

የቀረው ቅሬታ ቁጥር አይገባውም። ጋሽ ሸረፈዲን መቀመጥ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ እንኳ ቆመው ነው የሚሸጡት። በዚያች ጣሪያዋ በሚያፈስ ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ ያድራሉ፤ ሳላቸው መንገድ ላይ ይሰማል። ባለቤታቸው ሀቢባ ምሳ ይዘው በመጡ ቁጥር «የትናንቱ ሳይነካ እንደ ገባ ተመልሷል» ይባላሉ። የሁለቱም ደጋፊ ቁጭ ማለት አቅቶት ከቀበሌው በር ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቀበሌው ይንከላወሳል። ክርክሩን ሊያጠፉልን ነበር፤ እግር አወጡለት።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳሉ ሳይበረታ ሰውየውን ወደ ቤታቸው ይመልሱልን። ዋንጫው የማን ነው የሚለውን ለእኛ ይተዉልን፤ እስክንሞት የምንሠራው ሌላ ሥራ የለንም።

ስብሰባዎ አጭር፣ ጭብጨባዎ ረጅም፣ ቁልፍዎም ለመክፈት የቀለለ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ቤቴንም እንዳይፈልጉ በማሰብ አድራሻዬን ከስሜ ጋር አኑሬ፣

አካሉ፣ ከአሣ ገበያው ፊት ለፊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋሽ አዘዘ ክንዳቸው በጄሶ ታሽጎ ትናንት ከሆስፒታል ወጥተዋል። ቤታቸው አልገቡም። በቀበሌው በር ቆመው «ስወድቅ እየመራሁ ነበር!» ብለው ወደ ውስጥ ይጮኻሉ፤ ከውስጥም በሳል መካከል «በሕልምህ!» የሚል መልስ ይመጣል። እንዲህ በግድግዳ ማዶ ለማዶ መከራከር ስላደከማቸው፣ ወይ ሸረፈዲን እንዲወጣላቸው ወይ እሳቸው እንዲገቡ ለዘበኛው አመልክተዋል። እርስዎ ሁለተኛውን የመረጡ እንደሆነ ግን ከእኔ ጀምሮ ደጋፊው ሁሉ ተከትሎ መግባቱ አይቀርምና፣ ለበዓሉ የሚያጨበጭብልዎትን ሰው ከወዲሁ ከሌላ ቀበሌ ይዋሱ።