ቅርጫቱና ጠረጴዛው

ውድ መምህር፣

«አንተ በይኝ፣ እንደ ታናሽ ወንድምሽ ቁጠሪኝ» ብለውኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ አንተ ስልዎት ቆየሁ። ዛሬ ግን ወደ አንቱታው ተመልሻለሁ፤ ሌላው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ፊዚክስን ከየት እንደተማርኩ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። በዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ልብስ ማጠብ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የተማሪ ኪስ ሳይፈተሽ ልብሱ ማሽን ውስጥ አይገባም። ከኪሱ የሚወጣውን የፈተና ቁራጭ፣ የተኮረጀበትን ብጣሽ፣ በካውያ አቃንቼ አነብ ነበር። ግማሹ የተቀደደ ስለሆነ የጎደለውን ራሴ መሙላት ነበረብኝ። የሞላሁትን በደብተር ጻፍኩ። የተጫነ ጋሪ ለመነሳትም ለመቆምም ለምን እንደሚያስቸግር፣ ማሽኑ ሲሽከረከር ውሃው ለምን በቀዳዳው እንደሚያመልጥ፤ ሁሉንም በማውቀው ዕቃ።

ጋዋንዎን ሊወስዱ መጥተው ደብተሩን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሲያነሱት እንደ ሌባ ደነገጥኩ። ቆመው ጥቂት ገጽ አነበቡ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«የልጆቹ ኪስ» አልኩ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እዚህ ቤት እንደዚያ የሳቅሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

አርምልኝ ብዬ ሰጠሁዎት። አንዱን ቦታ በእርሳስ አክብቤበት ነበር፦ «የልብስ ቅርጫት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ድርጊት ነው፤ ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ የክብደቱ አጸፋ ነው።» ይህ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስጠይቅዎት፣ «አንብቤዋለሁ፣ አንድም ስህተት የለውም። እንቅልፍሽን ተኚ» አሉኝ። ተኛሁ። ደብተሩ ግን ነገ ነገ እየተባለ ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ከአንድ ጃኬት ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ካውያ አስነካሁት። የራሴ ቅርጫት፣ የራሴ ጠረጴዛ፣ ቃል በቃል በልጅ እጅ ጽሑፍ፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ የእርስዎ የ«ልክ ነው» ምልክት። ባለጃኬቷ ስትመጣ ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። መምህር ካሳተሙት መጽሐፍ ነው፣ ሁላችንም አለን አለችና ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ጋሪው አለ። ማሽኑ አለ። ስምዎ በትልቁ ከላይ አለ። በመግቢያው ባለቤትዎን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ የተየበችልዎትን ልጅ ሳይቀር አመስግነዋል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። የሚጥለው ፈረሱ ድንገት ሲቆም የተቀመጠው ሰው ጉዞውን ስለሚቀጥል ነው። እሱም ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ። እሱም የእኔ ነው።

ስሜ ባለመኖሩ አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው። ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት በምሳ ሰዓት የልብስ ሚዛናችንን ልብስ በምናመላልስበት ሊፍት ውስጥ አስገብቼ ቅርጫቱን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ሊፍቱ ቆሞ ሳለ ሃያ ኪሎ። ሽቅብ ሲነሳ መርፌዋ ወደ ሃያ ሁለት ዘለለች፤ ቁልቁል ሲነሳ ወደ አሥራ ስምንት ወረደች። መሬት ቅርጫቱን የምትስብበት ኃይል አልተለወጠም፤ ከስር የሚገፋው ነው የተለወጠው። የክብደቱ አጸፋ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ እኩል በሆነ ነበር። ለካ የክብደቱ አጸፋ ቅርጫቱም በበኩሉ መሬትን ወደ ላይ መሳቡ ነው። የጠረጴዛው ግፊት አጸፋም ቅርጫቱ ጠረጴዛውን ቁልቁል መጫኑ ነው።

መምህር፣ ይሄን እርስዎ ያውቃሉ። ቢያነቡት ኖሮ ያርሙት ነበር፤ ስለዚህ አላነበቡትም። ገለበጡት እንጂ አላነበቡትም። እኔ የለመንኩዎት ደግሞ ማንበቡን ብቻ ነበር።

ልጆቹ በሚመጣው ወር ትልቁን ፈተና ይቀመጣሉ፤ አራሚው እርስዎ አይደሉም። መጥቼ ልነግርዎት ተነሳሁና «ተኚ» ያሉኝ ትዝ ሲለኝ ከመንገድ ተመለስኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኪስ ወረቀት ሳወጣ ኖሬያለሁ። ዛሬ በተኮስኳቸው መቶ አርባ ጃኬቶች ኪስ ውስጥ ግን በየኪሱ አንድ አንድ ብጣሽ ወረቀት ከትቻለሁ፤ ቅርጫቱን፣ ሚዛኑን፣ ሊፍቱን ከነማረሚያው። ከስር «የመጽሐፉ ስህተት የእኔ ነበር» ብዬ ስሜን ከነአባቴ ጽፌያለሁ።

ይህችኛዋ ወረቀት በጋዋንዎ ቀኝ ኪስ የከተትኳት ናት። ደብተሬን ሲመልሱ በመስኮቱ በኩል ያስቀምጡልኝ፤ መግባት አያስፈልግዎትም።

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣
እትዬ ይሏት የነበረችው