ጣቱ ወደ ቀኝ የዞረ ካልሲ

ማርች 6፣ ሐሙስ
ከጥልፍ ጓደኞቼ ጋር ክር መሸጫው ቤት ዋልኩ። ዝናብ ነበር። የባሌ እህት ኮሪን ሸራ ልካልኛለች... ለልጄ ለክሌይ እጮኛ፣ ለታሊያ፣ የገና ካልሲ፣ ምድጃው ላይ ተሰቅሎ ስጦታ የሚከተትበትን፣ እንድጠልፍ። ያው የገና አባት፣ ያው ቀይ። ሥዕሉ ተቀብቶ ያለቀ ነው፤ የእኔ ሥራ ቀለሙን በክር መከተል ብቻ። የቤተሰቡን ካልሲ ሁሉ የጠለፍኩት እኔ ነኝ። የእኔስ? ከሱቅ የተገዛ ስስ ጨርቅ። ስሜ በሙጫ ተለጥፎ ነበር፣ ረግፏል። በየዓመቱ ባዶ እንዳይመስል ጋዜጣ እጎስርበታለሁ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይሉ የለ።

ማርች 9
ሆሊስን ጠየቅኩት፤ የእኔ ካልሲ የቱ ነው? ቀና ሳይል «ከሌሎቹ ጋር የለም እንዴ?» አለኝ። ባሌ ነው እንግዲህ።

ማርች 20
ምንም ያልተቀባበት ሸራ ገዛሁ። ለራሴ! የክሌይን አሮጌ ካልሲ አስተኝቼ ዙሪያውን አሰመርኩ። መሐሉ ላይ ፔሊካን... ያ ወደባችን ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ ዓሣ የሚለምነው ወፍራም ወፍ። ባለሱቋ ቤርናዲን አይታ ሳቀች። ለካ ካልሲውን በግንባሩ ደፍቼው ነው! ጣቱ ወደ ቀኝ ዞሯል። የቤተሰቡ ሁሉ ወደ ግራ ነው። ላጥፋው? ኧረ አላጠፋም።

ኤፕሪል 17
ኮሪን መጣች። ሸራውን ገለበጠች፣ ጀርባውን መረመረች። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ እዚያ ላይ እንከን አላገኘችም።
«ከቤት ወጥቶ የሚሄድ ይመስላል» አለች።
«ይሂድ» አልኳት።
«የገዛ ካልሲውን የሚጠልፍ ደግሞ ማን አለ? ነውር እኮ ነው።»
እናታችን ብትኖር፣ ሠርጉ ዘንድሮ ነው፣ ልጅቷ ምን ትላለች... ብዙ አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ነገሯ ግን እውነት ነው። ገበር የምታስገባው ሰፊ ከኦገስት በኋላ ለገና አትቀበልም። ሁለት አይደርስልኝም። ወይ የታሊያ፣ ወይ የእኔ።

ሜይ 5
ባሕሩን ሐምራዊ አደረግኩት። ማን ምን ያመጣል?

ጁን 12
የፔሊካኑን ጉሮሮ በሆሊስ የዓሣ መረብ ገመድ ጠለፍኩ። መርፌ ተሰበረ። በሌላ መርፌ ገባ። ቤርናዲን እንዲህ አይደረግም አለች። ተደረገ እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በቀባው ላይ ስሄድ ኖሬ፣ እጄ የራሱ ሐሳብ እንዳለው አላውቅም ነበር። ታሊያ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለች። አዲስ ሙሽራ ስትገባ ባዶ መስቀያ ይጠብቃት?

ጁን 29
ታሊያን ፊት ለፊት ነገርኳት። ዘንድሮ የራሴን ነው የምሠራው አልኳት። ትቀየመኛለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀረብ ብላ «ሚስ ኦዴል፣ አይቆጡኝ... እኔ ያንን ቀይ ሽማግሌ አልወደውም» አለች። ሳቅን። ታዲያ ምን ትወጃለሽ ብላት ባሚያ አለች። ባሚያ! ባዶ ሸራና መርፌ ሰጠኋት።

ኦገስት 28
አስረከብኩ። ሰፊዋ «ግራና ቀኙ ተሳስቷል?» አለች። አልተሳሳተም አልኳት።

ዲሴምበር 24
ኮሪን ወደ ጥግ ይሰቀል አለች። ከምድጃው በላይ፣ መሐል ላይ ሰቀልኩት። ጣቱ የእሷን ካልሲ በእርግጫ ሊል የተዘጋጀ ይመስላል። አንጀቴ ራሰ። ታሊያ ያንን ስስ ጨርቄን ለምና ሰቀለች፤ የእሷ ባሚያ ገና ግማሽ ነው። ጋዜጣውን አወጣሁላትና ብርቱካን ከተትኩላት። የሁሉንም ሞላሁ፣ እንደ ልማዴ። የራሴን አልነካሁም። ጋዜጣ የለም ዘንድሮ። ባዶም ከሆነ ባዶውን ይታይ።

ዲሴምበር 25
ሁሉም የየራሱን ሲያወርድ እኔ ዳቦውን ከምድጃ ላወጣ ተነሳሁ።
«ያንቺስ?» አለ ሆሊስ።
አወረድኩት። ከበደኝ። ብርቱካን፣ ታሊያ ትሆናለች። ሐምራዊ ክር፣ ከባሕሬ ጋር የማይገጥም ሐምራዊ፣ ሆሊስ ራሱ ሄዶ የገዛው። ከታች፣ ጣቱ ውስጥ፣ ኮሪን በእጇ የሠራችው ከረሜላ። ኮሪንን አየኋት፤ መስኮቱን ታያለች።
ዳቦው አረረ። ማንም አልተነሳም፣ እኔም አልተነሳሁም።