በሠርጋችን ዘፈን ደረትህን ስጫን

ሽፌዬ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር አለፈ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ከየት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ነው።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት በካርቶን ደፍኜዋለሁ። ከልደታ ማርያም ስመለስ በጌጃ ሰፈር በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ ጥግ ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን የሚመለከቱ ሰዎች አሉ። ሰላም ቢሉኝም አልወድ፣ ዝም ቢሉኝም አልወድ።

አንተ የማታውቀውን ልንገርህ፤ ከወደቅክ በኋላ የሆነውን።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ዳንኤል ተገድሎ መንገድ ዳር ተጥሎ መገኘቱ ተሰማ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ከቤቱ የወሰዱት ሐሙስ ነበር። አስከሬኑን አልሰጧቸውም። ጥበቃዎቹ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ማልቀስም ድንኳን መትከልም ክልክል መሆኑን ነገሯቸው። አንተ አላስችል ብሎህ ገብተህ አጠገባቸው ተቀመጥክ። ስትመለስ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ምሳ አልቀመስክም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሸሚዝህን ልትቀይር ተነሳህና በአልጋውና በጠረጴዛው መካከል ወደቅክ።

ጠራሁህ። አልመለስክልኝም። ጆሮዬን አፍህ ላይ አስጠጋሁ፤ ትንፋሽ የለም።

ትዝ ይልሃል፣ ለክሊኒኩ አዲስ ድሬሰሮች፣ ለቁስል አጣቢዎቹ፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫኑ ልታስተምር ስትዘጋጅ በእኔ ትራስ ነበር የምትለማመደው። ስስቅብህ እጄን ይዘህ አሳየኸኝ፤ መዳፍ በመዳፍ ላይ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ደረቱ መካከል ላይ። «ስትቆጥሪ ትሳሳቻለሽ፤ የደነገጠ ሰው ቁጥር ይሮጥበታል። ዝፈኚ» አልከኝ። ዘፈኑንም የመረጥከው አንተ ነህ፤ ሚዜዎችህ ከእናቴ ቤት ሲያስወጡኝ የዘፈኑትን። በየጭብጨባው አንድ ጊዜ መጫን። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

እናም ዘፈንኩ፣ ሽፌ። መጀመሪያ በልቤ ሞከርኩት፤ እጄ ፈጠነብኝ። ድምፄን ሳወጣ እጄ ረጋ። ዝቅ ሳደርገው ምቱ እየጠፋብኝ ስለተቸገርኩ ጮክ አልኩ። ከግድግዳው ማዶ ልጃቸውን ያጡ እናት አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ተቀምጠዋል፤ እኔ የሠርግ ዘፈን እዘፍናለሁ። አውቄዋለሁ። አላቆምኩም።

በሩ ተበረገደ። እትዬ ዘነበች ነበሩ። ዓይናቸው ደም መስሎ «በዛሬ ቀን? በእኔ ላይ?» አሉ። ከዚያ አንተን መሬት ላይ አዩህ። ትንፋሼ ተቆራርጦ ዘፈኑ ሊያመልጠኝ ሲል ጎኔ ተንበረከኩና ማጨብጨብ ጀመሩ። ግጥሙንም ተቀበሉኝ። ልጃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ እንኳን ባልዳሰሱበት እጅ አጨበጨቡልህ። ክንዴ ሲዝል እሳቸው ተክተውኝ ተጫኑ፣ እኔ አጨበጨብኩ። ጎረቤት የጠራው ታክሲ እስኪመጣ ድረስ እንዲያ ተፈራረቅን። አንድ ጊዜ ያቃሰትክ መስሎኝ ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን አልቋል አሉን። ያስተማርከኝን አላጎደልኩም፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

አንተ በሕመም ስለሞትክ ልቅሶህ ተፈቀደ። እድሩ ድንኳን ተከለ። እትዬ ዘነበች ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልጠፉም። «ሽፈራው ልጄ» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ለማን እንደሚያለቅሱ ድንኳኑ ሙሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። በሦስተኛው ቀን አመለጣቸው። «ዳኒዬ» አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ወዲያው እኔ «ሽፈራው!» ብዬ ጮህኩ፤ ሴቶቹም ተከተሉኝ። መግቢያው ላይ የቆመው ጥበቃ መሣሪያውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ሰምቶ ይሁን አይሁን እስከ ትናንት አላወቅኩም።

ትናንት አወቅኩ። ቀበሌው አዲስ ሊቀመንበር ተሹሞለታል፤ የቆየውን ሁሉ እያገላበጠ ነው ይላሉ። የመጥሪያ ወረቀት መጣልን፤ የእኔም የእሳቸውም ስም አለበት። ሰኞ ሁለት ሰዓት። በሞትክ ቀን ቤታችን ውስጥ ለምን እንደተዘፈነ፣ በልቅሶህም ለማን እንደተለቀሰ እንድናስረዳ ነው።

እትዬ ዘነበች ማታውኑ መጥተው «አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ሁሉንም በእኔ አሳብቢው፣ እኔ ምን ቀረኝ?» አሉኝ። እንቢ አልኳቸው። ተቆጡኝ፤ ከዚያ እጄን ያዙ። አብረን ነው የምንሄደው። እሳቸው ዛሬ ነጠላቸውን አጥበው አስጥተዋል።

ሙት ዓመትህ ሦስት ወር ቀርቶታል። ከተመለስኩ ቄሱ ፊት ቆሜ የሁለታችሁንም ስም አስጠራለሁ፤ የአንዱን ስም ለመሸፈን የሌላውን ሳልጮህ። ካልተመለስኩም ይኸው እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ሽፈራው።

ዳንኤል።

ሚስትህ