እናቴ ስትደማ «እንኳን ደስ አለዎት» ላላችኋት

እጅግ ለተከበሩ የሆርሞን ሕክምና ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ፤ የእናቴን ጤንነት ግን እኛም ገና የምርመራ ውጤት እየጠበቅን ስለሆነ ልነግርዎ አልችልም። በቅርቡ ከፋርማሲ ትምህርት የተመረቅሁ፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለሁ ልጇ ነኝ። ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

፩. እናቴ ካረጠች ወዲህ ላቧ አንሶላ እያራሰ፣ እንቅልፍ አጥታ በረንዳ ላይ ስትንጎራደድ ኖራ፣ የእናንተን የሆርሞን ቅባት ከጀመረች በኋላ ለጥ ብላ ስለተኛች አመሰግናለሁ። ይህን በአሽሙር አልጻፍኩትም። ሆርሞን በአግባቡ ሲታዘዝ የሚረዳ መድኃኒት ነው፤ ይበልጥ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

፪. ቅባቱ ከሰውነቷ ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ጉዳት የለውም በማለት ከመጠየቅ ስላሳረፋችኋት ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንድ ዓይነት መሆኑስ እውነት ነው። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ግን ፕሮጄስትሮን የተባለው አጋር ሆርሞን ሳይታከልበት ብቻውን ሲሰጥ የማህፀንን ሽፋን እያወፈረ ለካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል፣ መቼም ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል፣ ሳትነግሯት ቀርታችኋል።

፫. ካረጠች ከዓመታት በኋላ ደም አይታ ደንግጣ ወደ እናንተ መጣች። ነርሳችሁም እቅፍ አድርጋ «እሰይ እትዬ፣ ወጣትነትዎ ተመለሰ፤ እንኳን ደስ አለዎት» ብላ፣ እንደ ክሊኒኩ ልማድ አበባ አስይዛ ሸኘቻት። እናቴ እየሳቀች ቤት ገብታ አበባውን ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው። መድማቷን የሰማሁት አበባውን ማን ሰጠሽ ብዬ ስጠይቃት ነው። በማግስቱ ይዣት ስሄድ የማህፀን ሐኪሙ አበባ አልሰጧትም፤ ካረጡ በኋላ መድማት የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል ብለው ከማህፀኗ ለምርመራ ናሙና ወሰዱ እንጂ።

ሐኪሙ በቅባቱ ውስጥ ምን ያህል ሆርሞን እንዳለ ጠየቁኝ። ብልቃጡን ባገላብጠው «በፍቅር የተቀመመ» ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር አጣሁ። ፍቅራችሁን አልተጠራጠርኩም፤ የቅመማውን ዓይነትና መጠን ግን ዛሬውኑ እንዲልኩልን በትሕትና እለምናለሁ። አበባ አስይዛችሁ የሸኛችኋቸውን ሌሎች እናቶችም ሳይመሽ ደውላችሁ ወደ ሐኪም ላኩልን። ስልክ የሚደውል ሰው ካጣችሁ፣ ሥራ የለኝምና እኔ መጥቼ እደውላለሁ።

ለክሊኒክዎ ረጅም ዕድሜና ጥብቅ ቁጥጥር እየተመኘሁ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የደንበኛችሁ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእንግዳ መቀበያችሁ ግድግዳ ላይ «ወጣትነቷ የተመለሰላት» ብላችሁ የሰቀላችሁትን የእናቴን ፎቶግራፍ ላስወርደው ተነሥቼ ነበር፤ እሷ ከለከለችኝ። «ተይው ልጄ» አለችኝ፣ «ውጤቴ እስኪመጣ እዚያው ግድግዳቸው ላይ ሆኜ ዓይን ዓይናቸውን ልያቸው።»