ከዲናሞው ጀርባ ያለችው ዳዶ

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለቤርሳቤህ፤

እንዴት ነሽልኝ ቤርሳዬ? እማማስ እንዴት ናቸው? ወገባቸው ተሽሏቸው ገበያ መውጣት እንደጀመሩ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት ስልኩን የዘጋሁብሽ ተናድጄ ነው፤ ኔትወርክ ነው ብዬ አልሸነግልሽም። ደብዳቤ የምጽፍልሽም በስልክ ስናወራ ስለምትስቂ ነው፤ አንቺ ስትስቂ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ጎረቤታችን እንየው ነገ በድንበሩ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ድሬዳዋ ስለሚሄድ ደብዳቤውን ያደርስልኛል።

ኢዘዲን እዚህ አብሮን ሲሠራ እንደ ወንድሜ ነበር። ድሬዳዋ ገብቶ የራሱን ጋራዥ ሲከፍት ከማንም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። «እናቴን እያስታመምኩ ቀን ቀን እነሱ ጋ ልሥራ» ስትዪኝም እሺ ብያለሁ። ትናንት ግን እየሳቅሽ «አንዲት ዳዶ ጋ ኢዘዲን እጁ አልገባ ብሎት እኔ ፈታሁለት፤ ‹አንቺ እኮ መካኒክ ነሽ፣ እዚሁ ቅሪና በደሞዝ ሥሪ› አለኝ፤ ምን ይመስልሃል?» ስትዪኝ ደሜ ፈላ። ሚስቱ ሂዳያ አጠገባችሁ ሆና ምሳ ስታቀርብ እንደነበር ነግረሽኛል። አውቃለሁ። እያወቅሁም ስልኩን ዘጋሁብሽ። ሌላው ሰው ሚስቴ ለምን ተኳለች ብሎ ይቀናል፤ እኔ እጅሽ የሌላ ሰው ጋራዥ ግሪስ ነካ ብዬ ቀናሁ። ለሰው ቢወራ ያስቃል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሹክሪ መጣች። ተማሪ የምታመላልስባትን አሮጌ ኖኣ ሚኒባስ ታስታውሻታለሽ፣ ሞተሯ ከሾፌሩ ወንበር ሥር የተቀበረውን። ዳገት ላይ ሙቀቷ ቀዩን እየነካ አስቸግሯታል። ሳየው ቴርሞስታቱ እንደተዘጋ ደርቆ ቀርቷል፤ ውሃውን ወደ ራዲያተር አያሳልፍም። ሹክሪ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ «ያቺ ቀጭን እጅ ያላት ሚስትህ የታለች?» አለችኝ።

«ድሬዳዋ ናት።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ወንበሩን ላነሳው ነው፣ ውረጂልኝ» አልኳት።

የቴርሞስታቱን ክዳን ከያዙት ሦስት ዳዶዎች ሁለቱ ቶሎ ተፈቱ። ሦስተኛዋን ታውቂያታለሽ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለችውን። በዓይን አትታይ፣ በእጅ አይደረስባት። ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ምላስሽን ነከስ አድርገሽ የምታወጫት። እኔ ስታገል የእጄ ቆዳ ተላጠ። ቢቸግረኝ ሻይ የምትሸጠዋን ሀፊዛን «እስኪ እጅሽን አስገቢልኝ» ብዬ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? ቢሳካልን ለአንቺ ልጽፍልሽ፣ አንቺም ትንሽ እንድትቀኚ ነበር።

«ወላሂ አላደርገውም! ሚስትህ እያለች ምን አድርጊ ትለኛለህ? ጥራት እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ደንበኞቿ ሁሉ ሳቁብኝ።

በመጨረሻ የሚያዞረውን ቺንጋ ፈትቼ ዲናሞውን አወረድኩት። እስከዛሬ እሱን ከማውረድ አንቺን መጥራት ይቀለኝ ነበር። ቦታው ሲከፈት የእኔም ወፍራም እጅ ገባ፤ ዳዶዋም ወጣች። ኢዘዲን ቢሆን አሮጌውን ቴርሞስታት ጥሎ ባዶውን ይከድነው ነበር፤ አገሩ ሞቃት ነው፣ ምን ያደርጋል ይላል። ሞተር የሚገባውን ሙቀት ካላገኘ ነዳጅ ይፈጃል ብዬ ብነግረው አይሰማም። አንቺ ንገሪው። አይ፣ ተይው፣ ምንም አትንገሪው።

አዲሱን በሀፊዛ የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ በደንብ ሲከፈት ካየሁ በኋላ፣ አየር የምታስወጣውን ትንሿን ቀዳዳ ወደ ላይ አድርጌ ገጠምኩት። ሀፊዛ ግን በዚያ ድስት ከእንግዲህ ሻይ አላፈላም ብላ ተቆጥታኛለች። ሹክሪ ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ የሙቀቱ መርፌ መሐል ላይ ቀጥ ብሏል። እሷ መረቀችኝ፣ ጎረቤቱም ጎበዝ አለኝ። እኔ ደስ አላለኝም።

እማማ ከተሻላቸው ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ሥራ ቆሞብኛል፣ ያለ አንቺ እጅ አይሆንም፣ ነይ» ስልሽ ነበር። ዛሬ ያ ሰበብ አለቀብኝ። ያለ አንቺም ይሠራል፤ ዲናሞ ማውረድ ብቻ ነው። ኢዘዲን ደሞዝ ይከፍልሻል፣ መካኒክ ብሎ በማዕረግ ይጠራሻል። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት «እስኪ እጅሽን» ከማለት ሌላ ያልኩሽ ነገር ትዝ አይለኝም። ይህም ያናድደኛል፤ መካኒክ መሆንሽን ከሱ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ምን ይመስልሃል ላልሽኝ ቅሪ ብዬ አልጽፍም። መወሰኑ ግን የአንቺ ነው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለሂዳያ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ለባሏ ንዴቴ ሲበርድ ራሴ እደውልለታለሁ። ያለሽበትን ቤት እመብርሃን ትጠብቅልኝ፣ ለእናትሽም ዕድሜ ትስጥልን።

እዚህ የምጠራሽበት ሥራ የለኝም ቤርሳዬ። እንዲሁ ነይልኝ።

ባለቤትሽ
ቸርነት